አንድ አድራሻ የነበራቸው ሁለት ኮምፒውተሮች

በዚያ ሳምንት እንጀራዬ አድራሻ ለሌላት ቺፕ አድራሻ መስጠት ነበር። ይህን ስል የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ ያኔም የሚስቁብኝ ብዙ ነበሩ። እናቴ ራሷ «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ተብላ ስትጠየቅ «ኮምፒውተር ያናግራል» ብላ ነበር የምትመልሰው። ከዚህ የተሻለ መልስ እኔም እስካሁን አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ላስረዳ፤ ታገሱኝ። ያለ ሽቦ በሚገናኝ በማንኛውም ኮምፒውተር ውስጥ ጥፍር የምታህል ቺፕ አለች። ከፋብሪካ ስትወጣ የራሷ የሆነ አድራሻ ተጽፎባት ትወጣለች፤ ሌላ ቺፕ የማይጋራት አድራሻ ነው፤ ሌሎች ማሽኖች የሚያውቋትም በእሱ ነው። እኛ እጅ ከሚገቡት ርካሽ ቺፖች ግን አንዳንዶቹ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይመጣል። ያኔ ሥራው በድራይቨሩ ላይ ይወድቃል። ድራይቨር ማለት በኮምፒውተሩ እምብርት፣ ከርነል በምንለው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቺፗን የሚያዛት ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ መጀመሪያ ቺፗን አድራሻዋን ይጠይቃታል፤ መልስ ካጣ ከራሱ አውጥቶ ይሰጣታል። ሲሰጣት ደግሞ ደንቡ አንዲት ትንሽ ምልክት አብራ እንድትቀመጥ ያዛል። ምልክቷ «ይህ አድራሻ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም፤ እዚሁ የተሰጠ ነው» ትላለች። እኔ በዚያ ሳምንት የምጽፈው ይህንን ነበር።

ቢሮአችን ወሰን ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ፎቅ ላይ ነበር። ከታች መዶሻ ሲወርድ እኛ ጋ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። የምንሠራው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔና ቢኒያም። እኔ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ባይ ነኝ፤ ሰዎች ግን ባጭሩ ዘገምተኛ ይሉኛል፤ ግልፍተኛም ይጨምሩበታል። ቢኒያም እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ጣፋጭ፣ ደንበኛ የሚወደው ልጅ ነበር። አሠራሩ ያኔ የአገሩ ሁሉ አሠራር ነበር፤ አንዱን ኮምፒውተር አሳምሮ ያዘጋጃል፤ ከሠራለት ሌሎቹን በሙሉ ከእሱ ይገለብጣል። «የሠራ ነገር አይነካም» የሚለውን አባባሉን ከቀን ብዛት እንደ ጸሎት ለምጄው ነበር።

ከደንበኞቻችን አንዷ ከቀበና በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት በሚጀምርበት ላይ ያለች ትንሽ የግል ሆስፒታል ነበረች። ግቢዋ ተዳፋት ስለሆነ ላይኛውና ታችኛው ሕንፃ የሚገናኙት በደረጃ ነው። በሁለቱም ውስጥ ደም የሚቀዳበት ክፍልና አንድ አንድ ኮምፒውተር አለ። ዘመኑ መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ነበር። ጄኔሬተሩ የሚደርሰው ለላይኛው ሕንፃ ብቻ ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ሕመምተኛው ዳገቱን ወጥቶ ላይ ይቀዳል፤ ሲመጣ ታች ይቀዳል። ኮምፒውተሮቹን ያስገባው ቢኒያም ነው። እኔ ሥራውን አላየሁትም፤ እናቴን እዚያ የወሰድኳት ግን ቤቱን ስለማውቀው ነው።

ቤታችን ካራ፣ የከተማው ዳር ነው። አባቴ ገበሬ ነበር። የሚያርሰው መሬት በቤት ተበልቶ ሲያልቅ የሰው ግቢ ጠባቂ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ቤታችን ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገናኛሉ። እናቴ ስትቆጣ በኦሮምኛ ነው፤ ጸሎት ቤት ገብታ ስትዘምር ግን አማርኛዋ ከእኔ ይበልጣል። እኔ ብቸኛ ልጅ ነኝ። ከእኛ ጋር አዳዳ ብርቄ ትኖራለች። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ባሏ ከሞተና ልጆቿ በየክፍለ ሀገሩ ከተበተኑ ወዲህ ከእናቴ ተለይታ አታውቅም።

መልኬ ቁርጥ አባቴን ነው። ግንባሬ፣ አረማመዴ፣ ስናደድ የሚርገበገበው አፍንጫዬ ሳይቀር የእሱ ነው። ስለዚህ የማን ልጅ ነኝ ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

እናቴ ሆዷን እየያዘች ብዙ ጊዜ ቆይታ ነበር። «ነፋስ ነው» ትላለች፤ «ጨጓራ ነው» ትላለች። መጨረሻ ላይ አቅፌ ታክሲ ውስጥ አስገብቼ ወሰድኳት። ሐኪሙ የማሕፀን ዕጢ መሆኑን፣ ብዙ ደም እንደፈሰሳትና ቀዶ ሕክምናው ሊዘገይ እንደማይገባ ነገረን። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ «ያለ ደም አልነካቸውም። የእሳቸው ኦ ነው፤ ከኦ በስተቀር አይቀበሉም። ከቤተሰብ ማን አለ?» አለ።

«እኔ አለሁ» አልኩት። ሌላ ማን ሊኖር? አዳዳ በዕድሜዋ የተነሣ ደም መስጠት አትችልም። እናቴ ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ቤቷ እንድታርፍ ተፈቀደላትና ካራ አድርሻት፣ በማግሥቱ ደሜን ላስመረምር ተመለስኩ።

ግቢው ስገባ መብራት ጠፍቶ ነበር። ሰልፉ ዳገቱን ወጥቶ ላይኛው ሕንፃ በር ላይ ቆሟል። ልሰለፍ ስል መብራት መጣና አንዲት ነርስ «ታችም ጀምረናል፤ እዚህ ያላችሁ ኑ!» ብላ ተጣራች። ፈጠን ብዬ ታች ገባሁ። ደሜ ተቀዳ፤ ብልቃጡ ላይ ቁጥር ተለጠፈ። ያን ጊዜ ላይኛው ክፍልም የጀመረውን አላቋረጠም ነበር። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ።

ውጤቱን ያመጣችልኝ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ትዕግሥት ናት። ኮምፒውተር ሲበላሽባት ስለምትደውልልን በስም እንተዋወቃለን። ሌላ ጊዜ ገና ስታየኝ ትስቃለች፤ ያን ቀን ግን ወረቀቱን ይዛ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወረቀቱን ታያለች።

«የወይዘሮ ደስታ ልጅ ነህ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ማለቴ… የወለዱህ?»

«ታዲያ ገዝተውኝ ነው?» አልኩ እየሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። «ደምህ ለእሳቸው አይሆንም። ሌላ ሰው ፈልግ» ብላ ልትሄድ ስትል መንገዷን ዘጋሁባት። ግልፍተኛ ነኝ ብያችኋለሁ። ጥያቄሽን ጀምረሽ የት ትሄጃለሽ አልኳት። ተወው አለችኝ። አልተውኩም። በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያንተ ኤቢ ነው። የእሳቸው ኦ። ኦ የሆነች እናት ኤቢ ልጅ አትወልድም። አፌን በቆረጠው፤ ልነግርህ አይገባም ነበር» አለች።

ክው አልኩ። ከግቢው እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። መገናኛ ላይ ረዳቱ «ካራ! ካራ!» ሲል ሰምቼ የገባሁ ይመስለኛል። አንድ ሰው ከጎኔ «ወንድም፣ አሞሃል?» ብሎ ጠይቆኛል። ምን እንደመለስኩለት አላውቅም።

መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ሆስፒታል ውስጥ ሕፃን ተለዋውጦ ይሆን? እናቴ የወለደችኝ ቤቷ ነው፤ እሷው ነግራኛለች። አባቴ ከሌላ ወልዶኝ ይሆን? ያ መልካም ሰው! ደሞ ምን ይጣደፋል ሰው፣ ማሽን ተሳስቶ ቢሆንስ አልኩ። ይህን ሐሳብ ግን ወዲያው ጣልኩት። ማሽኖቹን ያስገባነው እኛ ነን፤ ይሠራሉ።

ቤት ስደርስ አዳዳ ብርቄ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች። ሳልሰላማት አልፌ ገባሁ። እናቴ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ በመስኮቱ ወደ ውጭ ትመለከታለች። ብርሃኑ ገና አልወረደም ነበር። ከእግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ደሜ ካንቺ ጋር አይገጥምም አሉኝ።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል፤ የጸሎት ቤት ልጆች አሉ አይደል? እነሱ ይሰጡኛል።»

«ሌላም ነገር ብለዋል።»

ከመስኮቱ ዞራ አየችኝ። እየተንተባተብኩ የትዕግሥትን ቃል ነገርኳት። እሷ ብትስቅ፣ «የምን ቅዠት ነው!» ብላ በኦሮምኛ ብትሰድበኝ ነበር የምፈልገው። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ነጠላዋን ሰብስባ አፏ ላይ አደረገች።

«ይህን ማሽን ነው የተናገረው?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እኔ ዋቃ ፈጣሪዬ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር የምፈራው። ማሽን ይጠይቀኛል ብዬ አላሰብኩም።»

«እማዬ፣ ምንድን ነው የምትይኝ?»

«ቁጭ በል፣ ኢልማ ኮ» አለች። ልጄ ማለቷ ነው። ተነሥቼ መቆሜን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ነገረችኝ። የወለደቻቸው ልጆች አልበረከቱላትም። አንዱን ቀብራ ሌላውን ትቀብራለች። ማሕፀኗ ከዚያ ተዘጋ። አባቴ ሌላ ሚስት አግባ ሲሉት እምቢ አለ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ ነፍሰ ጡር ወደ ነበረች አንዲት ሴት ቤት ሄዱ። በሆዷ ያለውን ለመኗት። ሣር ተይዞ የተለመነ ሰው ጨክኖ እምቢ አይልም። ስትወልድ ልጁን በሽማግሌዎቹ ፊት ሰጠች። ሰጪዋ «ከዛሬ ጀምሮ የእኔ አይደለም፤ ልጄ ብዬ አልጠራውም፤ ወላጅህ ነኝ ብዬ አልነግረውም» ብላ ቃል ገባች። ተቀባዮቹም በሕይወት ሳሉ ከአብራካቸው ክፋይ ላይለዩት ቃል ገቡ። ጉዲፈቻ ይኸው ነው።

«ካንተ የደበቅነው ለማታለል አይደለም። አንዴ ከሰጡ በኋላ ማውራቱ ነውር ነው» አለች እናቴ።

«ማን ናት?» አልኳት።

መልስ ከመስጠት ይልቅ በተከፈተው በር ወደ በረንዳው ተመለከተች። እኔም ተከትዬ አየሁ። ከአዳዳ ብርቄ በቀር ሰው አልነበረም። ትንሽ ጎንበስ ብላ እንክርዳድ ከስንዴው እየለየች ትጥላለች።

የአልጋውን ጠርዝ ይዤ ቀረሁ። ይቺ ሴት ናት ትምህርት ቤት ስትወስደኝ እጄን አጥብቃ የምትይዘው! በቆሎ ስትቀቅል ለስላሳውን ለእኔ የምታስቀር፣ ራት ላይ ከሁላችን መጨረሻ የምትቀርብ፣ እናቴ ስትቆጣኝ አንድም ቀን ጣልቃ ገብታ የማታውቅ ሴት። ለካ ቁርጥ አባቴን የመሰልኩት በእህቱ በኩል ነው።

ወጥቼ ፊቷ ቆምኩ። ቀና አላለችም።

«ነገረችህ?» አለች።

«ነገረችኝ።»

«እኔ አልነገርኩህም።»

«አልነገርሽኝም።»

«እንግዲያው ቃሌ አልፈረሰም።» ጣቶቿ ሥራቸውን አላቆሙም።

«አዳዳ፣ አንቺ ነሽ የወለድሽኝ?»

ያኔ ነው ቀና ያለችው። ዓይኗ ደርቋል። «የወለደችህ ውስጥ ተኝታለች። እኔ አዳዳህ ነኝ። ምሳ በልተሃል?» አለችኝ።

ምን ትሉ ነበር? እኔ ከግቢ ወጥቼ ድሮ አባቴ ያርስ በነበረበትና አሁን የድንጋይ መሠረት በተጣለበት ሜዳ ላይ ስዞር ዋልኩ። ተናደድኩ። በሁለቱም ተናደድኩ፤ በሞተው አባቴም። የአክስቴ ልጆች የምላቸው ወንድሞቼ ናቸው። አክስቴ እናቴ ናት። እናቴ… እዚህ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ጥርሱ እንደተሰበረ ማርሽ ይንሸራተትና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስመለስ ምሳዬ ተከድኖ ጠበቀኝ። በላሁት፤ ማን እንደከደነው አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ትዕግሥት ናት።

«ቶሎ ና» አለችኝ። «ኮምፒውተራችሁ ችግር አለበት።»

«ቢኒያምን ጥሪው።»

«ያንተን ጉዳይ ነው የምልህ።»

ስደርስ አንድ ካፖርት የለበሱ አባት ላብራቶሪው በር ላይ ቆመው ይናገራሉ። ለሚስታቸው ደም ሊሰጡ ትናንት ላይኛው ሕንፃ ተቀድተው ነበር፤ ውጤታቸው የለም፤ ጭራሽ ስማቸውም የለም ተብለዋል። «ደሜን ወስዳችሁ አልመጣህም ትሉኛላችሁ? ቀዳዳው እኮ ክንዴ ላይ አለ!» ይላሉ። ትዕግሥት ወደ ውስጥ አስገብታኝ ከብልቃጥ መደርደሪያው ሁለት ብልቃጥ አነሣች።

«እየው። በሁለቱ ላይ የተለጠፈው ቁጥር አንድ ነው። ትናንት ሁለቱም ያንተ መስለውኝ አንዱን ብቻ ነው የመረመርኩት።»

ሁለቱን አንድ ላይ አየኋቸው። ይህን ዓይነት ነገር አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው። የላብራቶሪው ኮምፒውተር ሁለቱን የደም መቅጃ ክፍሎች የሚለያቸው በኮምፒውተሮቻቸው አድራሻ ነበር። ሮጬ ደረጃውን ወጣሁ፤ የላይኛውን ኮምፒውተር አድራሻ አየሁ። ሮጬ ወረድኩ፤ የታችኛውን አየሁ። አንድ ናቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ናቸው።

ለቢኒያም ደወልኩ። መዶሻው ከኋላው ይሰማል።

«የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች አድራሻ ከየት አመጣኸው?»

«የምን አድራሻ?»

«የቺፖቹን!»

«እ… ባዶ ነበሩ። እንዲያው አንድ ነገር በእጄ ጽፌ አስነሣሁት። ላይኛው ሠራ።»

«ታችኛውስ?»

«ከላይኛው ገለበጥኩት። የሠራ ነገር…»

ስልኩን ዘጋሁት። ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር። በፈረቃው ምክንያት ሁለቱ ክፍሎች አብረው ሠርተው አያውቁም፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ጠፍቶ ነበር። ትናንት መብራት ሲመጣ ግን ላይኛው የጀመረውን ሳይጨርስ ታችኛው ተከፈተ። የላብራቶሪው ኮምፒውተር አንድ ክፍል መስሎት ለእሳቸውና ለእኔ አንድ ቁጥር ሰጠ፤ የእሳቸውን ስም ሰርዞ የእኔን ጻፈበት። ኤቢ የሆነው የካፖርታሙ አባት ደም ነው። የእኔ ብልቃጥ እንደታሸገ መደርደሪያው ላይ አድሯል።

ትዕግሥት ለማንኛውም ብላ እንደ አዲስ ከክንዴ ቀዳች፤ ስሜን በእጇ ጻፈችበት። አጠገቧ ቆሜ ስትመረምር አየኋት። ቀና ስትል ፊቷ በርቶ ነበር።

«ኦ!» አለች። «ኦ ነህ! ልክ እንደ እሳቸው! ይቅር በለኝ፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም እኮ። የእናትህ ልጅ ነህ!»

እጄን ይዛ ትስቃለች። ከቀድሞው የባሰ ድንጋጤ ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር፤ ለካ አለ። ማሽኑ ተሳስቷል። ደሜ ምንም አልመሰከረብኝም። እናቴ ያን ሁሉ ዓመት የቆለፈችውን የከፈተችው፣ ቢኒያም እንዲያው በእጁ በጻፈው ቁጥር ምክንያት ነው። ውሸት ጥያቄ ጠየቅኳት፤ እውነተኛ መልስ ሰጠችኝ።

«ምነው? ደስ አላለህም?» አለች ትዕግሥት።

«ብሎኛል» አልኳት። «ደሙን ውሰጂ። አሁኑኑ።»

የሰጠሁት ደም ተመረመረ፤ ከእናቴ ጋር ገጠመ። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትገባ እኔና አዳዳ ብርቄ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በመካከል እጇን ፈልጌ ያዝኩት። እሷም ትምህርት ቤት ስትወስደኝ እንደነበረው አጥብቃ ያዘችኝ። ሐኪሙ ወጥቶ በደህና መጠናቀቁን እስኪነግረን አልተላቀቅንም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ቢኒያም ሰነፍ ባይሆን ኖሮ፣ መብራት ትንሽ ዘግይቶ ቢመጣ ኖሮ፣ እስከ ዛሬ ሳላውቅ እኖር ነበር። ይሻል ነበር? አንዳንድ ቀን አዎ እላለሁ። የአዳዳ ሣህን መጨረሻ ላይ ይቀርብ እንደነበር ሳስብ ግን አይሻልም እላለሁ። አሁን አስቀድሜ የማቀርበው የእሷን ነው፤ እናቴም እያየች ዝም ትላለች።

ድራይቨሩን ጨረስኩት። አሁን እያንዳንዱ ባዶ ቺፕ የየራሱ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ምልክቷም አብራ ትቀመጣለች፤ «እዚሁ የተሰጠ» የምትለዋ። መጀመሪያ ላይ ያቺን ምልክት ስጽፍ እጄ ተይዞ ነበር። የእኔን ምልክት ለምን ደበቁብኝ ብዬ ሁለቱን እናቶቼን ስወቅስ የከረምኩ ሰው ነኝና። ሥራዬን ስፈትሽ ግን አንድ ነገር ታየኝ፤ ምልክት ያላትም የሌላትም ቺፕ አንድ ዓይነት ነው የሚሠሩት። መልእክቱ ይሄዳል፤ መልሱ ይመጣል። ችግር የሚመጣው ያለ ጥንቃቄ ሲገለበጡ እንጂ፣ በሰጪው እጅ ስለተሰጣቸው አይደለም። ከእናንተም መካከል ዘግይቶ የሰማ፣ ገናም የሚሰማ ይኖር ይሆናል። ንዴታችሁን እንድትውጡ አልመክራችሁም፤ እኔም ሜዳ ለሜዳ ዞሬአለሁ። ስትመለሱ ግን የተከደነውን ምሳ ብሉ።

እናቴ ከቀዶ ሕክምናው ከነቃች በኋላ ነው ሁሉንም የነገርኳት። ኮምፒውተሮቹ አንድ አድራሻ እንደነበራቸው፣ ውጤቱ የሌላ ሰው እንደነበረ፣ ደሜም እንደ እሷ ኦ መሆኑን።

ዓይኗን ጨፍና አሰበችበት። «ታዲያ ዝም ብል ኖሮ አታውቅም ነበር?» አለች።

«አላውቅም ነበር።»

«አየሽ ብርቄ፣ በከንቱ አፌን ከፈትኩ» አለች ወደ አዳዳ ዞራ። አዳዳ ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። እናቴ ክንዷ ላይ ደሜ ወደ ተሰጣት የመርፌ ቦታ ዝቅ ብላ አየች። ከዚያ እጄን ወስዳ እዚያ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሁን» አለች። «ከእኔ ባይወጣም፣ ይኸው ወደ እኔ ገባ።»